በአንድ ትንፋሽ የሚደርስ ቃል

የአያ ገደፋውን ማረፍ የሰማሁት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ጅጋ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራችን መጋዘን ውስጥ የዘር ጆንያ ላይ ምልክት ስጽፍ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሁት ስልክ አንዴ ነዘረ። «አያ ገደፋው ዐረፉ። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት ሚካኤል።» ይኸንኑ ብቻ ይላል። የመጣው ከጠሪ አምባ የሬዲዮ ሣጥን ነበር።

ብዕሬን እንደያዝሁ ቆሜ ጠበቅሁ። ስልኩ ሁለተኛ አልነዘረም። በአገራችን ሞት ሲሰማ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። የሰማ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ይቀበላል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አገሩ ሁሉ እሪ ይላል። ያን ዕለት ግን በአምስቱ ሣጥኖች ዙሪያ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አነበበና ዝም አለ። ቆይቶ መልሱ አንድ በአንድ መጣ። ከወፍጮ ቤቱ «ገባ»። ከጤና ኬላው «ገባ»። እኔም ለማኅበሩ ሊቀመንበር ሄጄ በአፌ ነግሬ ስመለስ «ገባ» ብዬ ጻፍሁ። ከማዶ የሚመጣው ከሁሉም ዘገየ። ለምን እንደዘገየ አውቃለሁ፤ እዚያ መርዶው የሚነገረው ለታላቅ እህታቸው ለእትዬ እማዋይሽ ነው። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል እሱም መጣ፤ «ገባ»።

ሌላ ሰው የሚከበረው በልቅሶው ብዛት ነው። አያ ገደፋውን አገሩ ያከበራቸው በዚያ ዝምታ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጮኹ ለኖሩ ሰው ዝምታ እንዴት ክብር እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጠሪ አምባ ከጅጋ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አምባው ባንድ በኩል ቁልቁል ወደ ብር ወንዝ ሸለቆ ይቆረጣል። ከሸለቆው ወዲያ ያለውን አገር፣ የራሱ ስም እያለው፣ እኛ «ማዶ» እንለዋለን። ከጠሪ አምባ ሆነው ሲያዩት የማዶ ቤቱ፣ አጥሩ፣ የበሬው ቀለም ሳይቀር ይለያል። ልድረስ ያለ ሰው ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲወጣ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅበታል። ክረምት ከገባ ደግሞ ወንዙ ማንንም አያሳልፍም። ስለዚህ በእኛ አገር ከሰው በፊት ድምፁ ይሄዳል። በአምባው ጠርዝ ላይ ጥሪ ድንጋይ የሚባል፣ ስንት ዘመን ተቁሞበት የለሰለሰ ጥቁር ድንጋይ አለ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እዚያ ላይ ቆመው የሚጠሩት አያ ገደፋው ነበሩ።

ሹመት አልነበረም፤ ደመወዝም የለውም። ከጅጋ በኩል በየኮረብታው ተቀባብሎ የመጣውን ቃል ወደ ማዶ ያሻግራሉ፤ ከማዶ የመጣውን ወደ እኛ ይመልሳሉ። መጀመሪያ ከዘራቸውን ድንጋዩ ላይ ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። ከዚያ ግራ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ቀጥሎ አንድ ትንፋሽ ብቻ፦ «የማዶ ዘለቀ ሆ—ይ! ላምህ ከእኛ ናት! ሳይመሽ ውረድ!» ጠርተው ሲያበቁ እጃቸውን ከጆሯቸው ሳያነሡ ይጠብቃሉ። ከወዲያ ቀጭን «ገባ—» ሲመጣ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ እርሻቸው ይሄዳሉ። ካልመጣ ነፋሱ እስኪዞር ይቀመጣሉ እንጂ በጩኸት ላይ ጩኸት አይጨምሩም። «በአንድ ትንፋሽ የማይደርስ ቃል ገና አልበሰለም» ይሉ ነበር። ሰዉም በበኩሉ ስማቸው ገደፋው ነው እንጂ አንድ ቃል ገድፈው አያውቁም ይላል።

እኔ ዛሬ ይህን መጻፍ የቻልሁት በዚሁ አለመግደፋቸው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ከባል ቤት ተመልሼ አባቴ ዘንድ ነበርሁ። ጅጋ የሚኖረው አጎቴ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ብሎ ነበር፤ አባቴ ግን አንድ ቀን እሺ፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጥሪ ድንጋይ ድምፅ ወረደ፦ «የየሺ አባት ሆ—ይ! ምዝገባው ነገ ያበቃል! ልጅቱን ስደዳት!» መንደሩ በሙሉ ሰማ። መንደር የሰማውን አልሰማሁም ማለት አይቻልም። አባቴ በማግስቱ መንገድ ላይ ጠብቆ፣ ቀስ ብለው ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት ብሎ ተቆጣቸው። አያ ገደፋው ለቁጣው ቁጣ አልመለሱም።

«እኔ በር ነኝ። በር የሚያልፍበትን አይመርጥም» አሉት።

እኔም ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥሁ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ዓመታት አለፉ። ተምሬ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆንሁ። አያ ገደፋው አንገት ላይ የነበረው እንቅርት እያደገ ሄዶ ትንፋሻቸውን ያዘው። ባሕር ዳር ሄደው በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ሐኪሞቹ ድምፅዎ ሊጎዳ ይችላል ብለው አስቀድመው ነግረዋቸዋል፤ እሳቸውም ከድምፅ ትንፋሽ ይቅደም ብለው ፈርመዋል። ሲመለሱ የቀራቸው ሹክሹክታ ነበር። በጥሪ ድንጋይ ላይ ሌሎች መቆም ጀመሩ። ይጮኻሉ፤ ግን አንዱ ቃል ይጨምራል፣ ሌላው ያስቀራል።

እሳቸውን የቆጫቸው ይህ ብቻ አይደለም። እትዬ እማዋይሽ ገና በልጅነታቸው ማዶ ተድረው እዚያው ያረጁ ናቸው። አያ ገደፋው ስንት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ያገር ጥሪ ሲያበቃ አንዲት የግል ጥሪ ነበረቻቸው፦ «እማዋይሽ ሆ—ይ! አለሁ! አለሽ?» ከማዶ «አለሁ—» ይመጣል። በቃ፤ ሌላ ወሬ የላቸውም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌላ ሰው ሊጠራላቸው ሞከረ። የእትዬ እማዋይሽ ጆሮ ግን ደክሟል፤ የወንድማቸውን ድምፅ ከለመደው በቀር የሰውን ጩኸት አይለይም። ሞባይል እንዳይባል ኔትወርኩ አምባው ጫፍ ላይ አንዳንዴ ብልጭ ይላል እንጂ ማዶ ጭራሽ የለም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ማዶን ሲያዩ ይውላሉ።

ሣጥኖቹ የመጡት በዚህ መካከል ነው። ፍኖተ ሰላም ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር መምህር ውዱ የሚባል ሰው፣ ማኅበራችን የራሱ የሬዲዮ መረብ ይኑረው ብሎ መጣ። ሣጥኗ የሁለት መዳፍ ስፋት አላት፤ በላይዋ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ በጎኗ አጭር አንቴና። ኔትወርክም፣ መብራትም፣ ካርድም አትጠይቅም። አጠገቧ ያለ ሰው በስልኩ አጭር ጽሑፍ ይሰጣታል፤ እሷ ለቀጣይዋ ሣጥን፣ ያችም ለቀጣይዋ ታቀብላለች። ሣጥኖቹን ማኅበሩ ሊይዛቸው፣ እንጨቱን ሊያዋጣና ሊጠብቃቸው ተስማማ። ወረዳው የሁለት ወር ሙከራ ፈቀደ፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ኮሚቴ መጥቶ ያያል፤ ካልሠራ ሣጥኖቹ ወደ ደምበጫ በኩል ላሉ ቀበሌዎች ይሰጣሉ። መምህር ውዱ ደግሞ አንድ ነገር አልደበቀም። አምስት ሣጥን ነው ያለን፤ የማዶዋ የሩቅ ናት፤ ችግር ከተፈጠረ መጀመሪያ የምትነሣው እሷ ናት አለ። አያ ገደፋው ይህን ሲሰሙ አየኋቸው። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

መምህሩ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ክብና መስመር እየሣለ ስለ ሞገድ አስረዳ። ሰዉ በጨዋ ደንብ ራሱን ይነቀንቃል፤ የገባው ግን የለም። ከጎኔ የተቀመጡት አያ ገደፋው ክርኔን ነካ አድርገው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። እኔ በስብሰባ ተናግሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። እሳቸው ደግሞ ደግመው ነካ አደረጉኝ። ተነሣሁ።

«አያ ገደፋው፣ ይኸማ እኛው ነን ይላሉ» አልሁ። «ጅጋ ሆኖ የጮኸ ማዶ አይደርስም። ጠሪ አምባ ግን ይደርሳል። ጠሪ አምባ ያለው ይቀበልና ለማዶ ይጠራል። እንጨት ላይ የተሰቀለ ጠሪ ነው ይላሉ።»

ቤቱ ባንዴ ተንጫጫ። ገባን፣ ገባን ይላል ሰዉ። ከኋላ አንዱ፣ እንግዲህ ይቺኛዋ እንቅርት አታወጣም አለ፤ ከሁሉ በላይ የሣቁት አያ ገደፋው ናቸው፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። መምህር ውዱ ጠመኔውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሣጥኖቹ ስም «ጠሪ» ሆነ።

እንጨት የምንተክል ዕለት ግን ሁለቱ አልተስማሙም። መምህሩ ኮምፒዩተሩ ላይ ካርታ አውጥቶ የአምባው ከፍተኛ ቦታ መሐል ሜዳው ላይ ያለው ጉብታ ነው አለ። አያ ገደፋው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጉብታው የእማዋይሽ ቤት ይታያል ወይ ብለው በእኔ አፍ ጠየቁት። አይታይም አለ መምህሩ፤ ግን ከፍታው ይበልጣል። «ዐይኔ ያላየውን ጥሪዬ አግኝቶት አያውቅም» አሉ። መምህሩ በትሕትና፣ አባቴ ይኸ ሞገድ ነው፣ ድምፅ አይደለም ብሎ ጉብታው ላይ ተከለ። እስከ ቀትር ጠበቅን፤ ከማዶ ምንም የለም። ወዲህ ቢያዞረው፣ አንቴና ቢቀይር፣ ምንም። መጨረሻ ላይ እንጨቱን አስነቅሎ በወንዶቹ ትከሻ አሸክሞ ጥሪ ድንጋይ ዳር አመጣው። ገና አፈሩን ረግጠው ሳይጨርሱ ስልኩ ላይ የማዶዋ ሣጥን ስም ብቅ አለ። መምህሩ ኮፍያውን አወለቀ፤ የአምባው ደረት ሸለቆውን ከጉብታው ይሸፍነዋል፤ ከጠርዙ ግን ወለል ያለ ነው። ካርታው ላይ «ጥሪ ድንጋይ» ብሎ ጻፈበት። ሴቶቹ እልልታ አቀለጡት። እኔም፣ እልል ብዬ የማላውቅ፣ ሞከርሁ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። አያ ገደፋው ስልኩን ስጪኝ አሉ። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋል፤ ማንበብ ያውቃሉ፤ ጽፈው ግን አያውቁም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ ሲጽፉ ሰው ሁሉ ከበባቸው። የእኛ ፊደል በሬዲዮው ውስጥ ከፈረንጅ ፊደል ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ አንድ መልእክት ከሰባ ፊደል ብዙ አያልፍም ብሎ መምህሩ አስጠነቀቃቸው። ሰባ ፊደል ስንት ትንፋሽ ነው ብለው ጠየቁኝ። ቆጠርሁላቸው፤ አንድ። «አዋቂ ነው የሠራው» አሉ። «እማዋይሽ አለሁ። አለሽ?» ብለው ጻፉ። ከዚያ በጥፍራቸው ስልኩን ሁለት ጊዜ አንኳኩ፣ ግራ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ ላኩ።

ማዶ ስልኩን የያዘችው የእትዬ እማዋይሽ ምራት ናት፤ የሚሉትን እየሰማች ትጽፍላቸዋለች። ጠበቅን። ስልኩ ነዘረ።

«አለሁ። ዘገየህ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ላልመጣ ጥሪ «ዘገየህ»። አያ ገደፋው አነበቡት። ለእኔ ሰጥተው አስነበቡኝ። ተቀብለው ደግመው አነበቡት። «ድምፅዋ ነው» አሉ በሹክሹክታ፤ «ቁጣዋ ሳይቀር።»

የመጀመሪያው ወር እንደ ሠርግ ነበር። በመንገዴ ሁሉ ሰው እያስቆመ ምን ተጠራ ይለኛል። ከዚያ የወፍጮው ነገር መጣ።

ባለ ወፍጮው አያ ሽባባው ሞተሩ ተበላሽቶባቸው ከርሞ እሑድ ዕለት «ነገ ወፍጮ ይከፈታል» ብለው ላኩ። ጥሩ መልእክት፤ አንድ ትንፋሽ። ነገር ግን በእኛ አገር ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው። «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ሲባል ነው ያደግነው። ስለዚህ መልእክቱን ያነበበ ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳይገድፍ፣ ራሱ ደግሞ ጽፎ ላከው። ከእርሻ ሲመለስ ያየውም ላከው። በማግስቱ ያየውም ላከው። ሐሙስ ስልኩ አሁንም «ነገ ወፍጮ ይከፈታል» ይላል። አያ ሽባባው መለዋወጫ ፍለጋ ቡሬ ሄደው ወፍጮ ቤቱ በተዘጋበት ዓርብ ጠዋት አህያ ጭኖ የመጣው ሰው እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፎ ነበር። ሲመለሱ ሰዉ ከበባቸው።

«እኔ ነገ ያልሁት ሰኞን ነው። እናንተ ነገን አልጨርስ አላችሁ እንጂ እኔ ምን ላድርግ» አሉ አያ ሽባባው።

ሣጥኑ ይዋሻል የሚል ወሬ ተነሣ። መምህር ውዱ መጥቶ ሣጥኖቹ ራሳቸው ያቀባብላሉ፤ ሞገዱ አንድ ነው፤ ሁለቱ ባንዴ ከተናገሩ የሁለቱም ቃል ይጠፋል ብሎ አስረዳ። እኔ ደግሞ ነገር በወረቀት ካልሰፈረ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝና አሥራ ሁለት አንቀጽ ያለው ደንብ ጽፌ በየሣጥኑ ሥር ለጠፍሁ። ሰዉ አነበበው፤ ወደደው፤ ያላየ እንዳይቀር ብሎ አንቀጾቹን አንድ በአንድ በሣጥኑ ተላላካቸው።

ቅዳሜ መጣ። አያ ገደፋው «አለሁ። አለሽ?» ብለው ላኩ። ከማዶ ዝም። ደግመው አልላኩም፤ ደግመው ጠርተው አያውቁም። እስኪመሽ ጠበቁ። ኮሚቴው ሊመጣ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። እሑድ ማለዳ ከዘራቸውን ይዘው ገደሉን ወረዱ። በዚያ ትንፋሽ ዳገቱን አይችሉትም ብዬ ለመንኋቸው፤ ታማ ይሆናል፣ አልያም ሞታ ይሆናል አሉኝ፣ ሄዱ። ማክሰኞ ተመለሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን የተቆጡ ነበሩ እንጂ ያዘኑ አልነበሩም።

«ደኅና ናት። መልሳልኛለች። አራት ጊዜ መልሳልኛለች» አሉኝ። «ቃሏ ከአፏ ወጥቶ በእኛ ነገ ተረግጦ ቀረ።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ ኮሚቴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከቅዳሴ መልስ ሰዉን ሁሉ ወደ ጥሪ ድንጋይ አስጠሩ። ስልክ ያለውም የሌለውም መጣ። ማዶ ጠርዝ ላይ የእህታቸው ልጅ ሊቆም ቀጠሮ ይዘው መጥተዋል፤ ቃሉን ከለየ «ገባ» ይላል፣ ካልለየ ዝም ይላል። ከዚያ በእኔ አፍ አዘዙ፦ ሁላችሁም፣ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ቃል፣ ባንዴ ለማዶ ጥሩ።

ሰዉ መጀመሪያ ተፋፈረ። ከዚያ አንዱ ጀመረ፤ ሌላው ተከተለ፤ ወዲያው አምባው ተናጋ። አያ ሽባባው ስለ ወፍጮ፣ ሴቶቹ ስለ ዘመድ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ስለ ንግሥ ይጠራሉ። ርግቦች ከገደሉ ተነሡ፤ ውሾች አብረው ጮኹ። ሲደክማቸው አቆሙ። ሁሉም ወደ ማዶ አየ።

ምንም የለም። የእህታቸው ልጅ ነጭ ጋቢ ለብሶ እንደ ጥርስ ጎልቶ ይታያል፤ ዝም ብሎ ቆሟል።

አያ ገደፋው ከዘራቸውን ለእኔ ዘረጉልኝ። እኔ አይደለሁም፣ ጮሄ አላውቅም አልኋቸው። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ተናገሩ።

«ከዚህ ሁሉ ሰው ዝም ማለት የምታውቂ አንቺ ነሽ፣ የሺ። ዝም ማለት የማያውቅ መጥራት አይችልም።»

ከዚያ የምጠራውን ነገሩኝ። ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ከዘራውን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። መዳፌን ከጆሮዬ ኋላ አድርጌ ዐይኔን ጨፈንሁ። ሆዴ ድረስ አየር ሳብሁና፦ «እማዋይሽ ሆ—ይ! ገደፋው አለ!»

ድምፄ ከእኔ ወጥቶ ሲሄድ ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ነገር በውስጤ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል፤ የሚያለቅስ ሕፃን እናቱ ቶሎ ጡት አጎረሰችው። ነፋሱ አለፈ። ከዚያ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ጥርት ያለ፦ «ገባ—»

ሰዉ ሊፈነዳ ሲል አያ ገደፋው እጃቸውን አነሡ። ሁሉም ዝም አለ። ቀስ ብለው ለእኔ ነገሩኝ፤ እኔ ለፊተኞቹ፣ ፊተኞቹ ለኋለኞቹ አቀበሉ። አንዴ ጥራ። «ገባ» እስኪልህ ዝም በል። ቃሉ ለባለቤቱ ሳይደርስ «ገባ» አትበል። በቃ። አሥራ ሁለቱን አንቀጼን ያን ዕለት ከየግድግዳው ቀደድሁ።

ሰኞ ኮሚቴው መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ራሴ እፈትነዋለሁ ብሎ ረጅም የስብሰባ ቃል ጻፈ፤ ሣጥኗ አልቀበልም አለች። አያ ገደፋው ሹክ ሲሉኝ «አልበሰለም ይላሉ» አልሁት። ሣቀና አሳጠረው፤ ማዶ ዛሬ ዝናብ አለ ወይ ብሎ ላከ። ስልክ የያዘው ሁሉ አነበበ። ማንም አልደገመም። ያ ዝምታ እንዴት እንደሚያስደስት! ማንም አይተነፍስም። ስልኩ ነዘረ፦ «ካፊያ አለ። ልብስ አስገቡ።» ሰብሳቢው ጤና ኬላው ደጅ የተሰጣ ልብስ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ቀጥሎ ፈረመ። የማዶዋ ሣጥን እዚያው ማዶ ቀረች። ካፊያውም ልብሱ ሳይነሣ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጥተው አይቻለሁ። አያ ሽባባው ለጎረቤታቸው የመጣ መልእክት ተቀብለው «ገባ» ብለው ጻፉ፤ ነገር ግን ማታ እነግረዋለሁ ብለው ረሱት። የጎረቤቱ ጊደር ማዶ ታሥራ ሁለት ቀን አደረች። አያ ገደፋው በዚያ ትንፋሻቸው እስከ ወፍጮ ቤቱ ወርደው አያ ሽባባው ፊት ቆሙ፤ በወፍጮው ጩኸት ሹክሹክታቸው አይሰማም፤ ሞተሩ እስኪጠፋ ቆመው ጠበቁ። «ገባ ያልኸው የት ነው የገባው?» አሉ። አያ ሽባባው ይህን እስከ ዛሬ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ «አለሁ። አለሽ?» ሳይቋረጥ ሄደ። ባለፈው ቅዳሜም ሄዶ ነበር፤ መልሱም መጥቶ ነበር። ረቡዕ ማለዳ በእንቅልፋቸው ዐረፉ።

ለሣልስታቸው ቅዳሜ ጠሪ አምባ ነበርሁ። የአምባው ሰዎች የጥሪ ድንጋይን ስልክ አሁን እኔ እንድይዘው ሰጥተውኛል። ለቀስተኛው ድንኳን ሥር ተቀምጦ ነበር። ከቀትር በኋላ፣ በዚያችው ሰዓት፣ በየሰዉ ኪስ ውስጥ ስልክ አንዴ ነዘረ። አወጣን። ከማዶ ነው።

«ዘገየህ።»

አያ ሽባባው ስልካቸውን ቀስ ብለው መልሰው ኪሳቸው አስገቡ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እትዬ እማዋይሽ መርዶውን ሰምተዋል፤ በዕለቱ «ገባ» ብለዋል። የላኩት ግን ለወንድማቸው ነው፤ በእሳቸው ፈንታ ልመልስ ብል ቃሉ የእኔ አይደለም። ዝም ብዬ «ገባ» ብልም ውሸት ነው፤ ባለቤቱ ዘንድ አልደረሰም።

ከድንኳኑ ወጥቼ ሚካኤል አጸድ ገባሁ። አዲሱ አፈር ራስጌ ላይ ከዘራቸው ተተክሏል። ነቅዬ ከአጠገቡ ያለውን ድንጋይ ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። መዳፌን ከጆሮዬ ኋላ አደረግሁ፤ ዐይኔን ጨፈንሁ፤ በአንድ ትንፋሽ ጠራሁ፦ «አያ ገደፋው ሆ—ይ! እማዋይሽ ዘገየህ ትላለች!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ማንም አልተቀበለም።

ከዘራውን ወደ ቦታው መልሼ ተከልሁ፤ ስልኩን በጥፍሬ ሁለት ጊዜ አንኳኳሁና ጻፍሁ፦ «ገባ።»